ይሉኝታና ኢንስፔክሽን፦ የአንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ዴይኬር ጉዳይ

የዚህ ጉዳይ ባለቤት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በቤቷ ዴይኬር ከፍታ የሰው ልጆች ቀን ቀን የምትይዝ እህታችን ናት። ስሟንም ሰፈሯንም አልጽፍም። ታሪኩ እንዲጻፍ ግን ራሷ ናት የፈለገችው። "ሌላዋ እንደ እኔ ሳታስበው አትያዝ" ነው ያለችው። እኔ የገባሁበት ከመጀመሪያው ኢንስፔክሽን፣ ማለትም ከመንግሥት የቁጥጥር ጉብኝት በኋላ ነው። የእንግሊዝኛውን ሪፖርት አብረን እንድናነብ ጠራችኝ።

የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ቤትሽ ቆሻሻ ነው ብለውኝ ነው?" የሚል ነበር። አላሏትም። በሪፖርቱ ላይ ስለ ንጽሕና አንድም መስመር የለም። ወለሉ ፊት ያሳያል። መጫወቻዎቹ ታጥበው በየቅርጫታቸው ተቀምጠዋል። ለእሷ ለኢንስፔክሽን መዘጋጀት ማለት ቤት ማጽዳት ነበር፤ ትልቅ እንግዳ ሲመጣ እንደሚደረገው። የሚያሳዝነው፣ ያጸዳችበት በረኪና ራሱ ጉድለት ሆኖ ተጻፈ። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ባለው ቁልፍ የሌለው ቁምሳጥን ውስጥ፣ ልጅ እጅ በሚደርስበት ቦታ ተቀምጦ ነበር።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ሕጉን ባጭሩ ልበል። ሜሪላንድ ውስጥ የቤት ዴይኬርን የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረው በስቴቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት ሥር ያለው የልጆች እንክብካቤ ቢሮ ነው። አንድ ቤት በአንድ ጊዜ ከ8 ልጅ በላይ መያዝ አይችልም። ከነዚህ ውስጥ ከ2 ዓመት በታች የሆኑት፣ የባለቤቲቱን የራሷን ሕፃን ጨምሮ፣ ከ2 መብለጥ የለባቸውም። ከዚያ በላይ ሕፃን መቀበል የሚቻለው ሁለተኛ አዋቂ ሲጨመር ነው። ቨርጂኒያና ዲሲ የራሳቸው መሥሪያ ቤትና የራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ድንበር ተሻግራ የምትሠራ የሜሪላንዱን ይዛ እንዳትሄድ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታደሰው የፌዴራል የልጅ እንክብካቤ ድጎማ ሕግ ደግሞ፣ ድጎማውን የሚቀበሉ ላይሰንስ (የሥራ ፈቃድ) ያላቸው ቤቶች ቢያንስ በዓመት አንዴ ሳይነገራቸው እንዲጎበኙ ያዛል። የሜሪላንድ ውጤቶች ቼክ ሲሲኤምዲ በሚባለው የስቴቱ ድረ ገጽ ላይ ይወጣሉ። ማንኛውም ወላጅ ገብቶ ያነባል። እህታችንን ያስለቀሳትም ከሁሉ በላይ ይህ ነበር።

ያ ጠዋት

ኢንስፔክተሯ ስትመጣ በር የከፈቱላት የባለቤቲቱ እናት ናቸው። ከጎንደር መጥተው ልጃቸው ጋር የሚኖሩ እናት ናቸው። በጀርባቸው የ7 ወር ሕፃን በነጠላ አዝለዋል። ልጃቸው ቤዝመንት (ምድር ቤት) ወርዳ የአንዱን ልጅ ዳይፐር እየቀየረች ነው። እማማ እንግሊዝኛ አይችሉም። "ይግቡ፣ ይግቡ" ብለው በፈገግታ ተቀበሏት። ኢንስፔክተሯ መታወቂያዋን አሳይታ ገባች። ቅጿ ላይ መጀመሪያ የጻፈችው ስለ እማማ ነው።

ደንቡ ግልጽ ነው። ቤቱ ውስጥ የሚኖር ዕድሜው 18 የሞላ ሰው ሁሉ አሻራ ሰጥቶ የወንጀል ታሪኩ ይጣራል። በሕፃናት ላይ በደረሰ ጥቃት ስሙ ተመዝግቦ እንደሆነም ይታያል። ልጆቹን የሚይዝ ሰው ደግሞ ወይ ባለቤቲቱ፣ ወይ አስቀድሞ በቢሮው የጸደቀ ተተኪ መሆን አለበት። እማማ አንዱም አልተደረገላቸውም።

ሁለተኛው ሕፃን ሳሎን ጥግ ላይ፣ በመኪና ወንበሩ እንደታሰረ ተኝቷል። እናቱ ጠዋት ስታመጣው እንቅልፍ ወስዶት ነበር። "እባክሽ እንዳትቀሰቅሺው፣ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም" ብላት ወደ ሥራዋ ሄደች። ልጁም ሳይነካ ቆየ። ይህ በሪፖርቱ ላይ ከባድ ከተባሉት አንዱ ነው፤ በእኔም እምነት ከባድ ነው። በመኪና ወንበር ውስጥ የተኛ ሕፃን አንገቱ ወደ ደረቱ ይታጠፍና የመተንፈሻ ቱቦው ሊጠብ ይችላል። ሕፃን የሚተኛው በጀርባው፣ ጠንካራና ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ፣ ሌላ ምንም ነገር በሌለበት አልጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1994 ከተጀመረ ወዲህ የሕፃናት ድንገተኛ ሞት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ከዚህ መስመር ጀርባ በሕይወት ያሉ ልጆች አሉ።

አልጋውም ቢሆን ችግር ነበረበት። ውስጡ ጋቢና ትንሽ ትራስ ነበር። አልጋው ደግሞ ሁለተኛውን ሕፃን ስትቀበል ከጋራዥ ሴል (ሰዎች ያገለገለ ዕቃቸውን ደጃፋቸው ላይ ከሚሸጡበት) የገዛችው፣ አንድ ጎኑ ወደ ታች የሚወርድ ዓይነት ነው። ያ ዓይነት አልጋ ጎኑ እየተፈታ ሕፃናትን ስላፈነ እ.ኤ.አ. ከጁን 2011 ጀምሮ እንዳይሸጥ ተከልክሏል። ዴይኬሮች አዲሱን ደረጃ ያላሟላ አልጋ መጠቀም እንዲያቆሙ የተሰጣቸው የመጨረሻ ቀንም ዲሴምበር 28 ቀን 2012 ነበር። እሷ ያየችው እንጨቱ ጠንካራ መሆኑን፣ ዋጋውም መርከሱን ነው።

የቀሩት ጥቃቅን ይመስላሉ። የልጆች ታይሌኖል (የትኩሳት መድኃኒት) ወጥ ቤት ወንበር ላይ በተንጠለጠለው የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ተገኘ። የፋየር ድሪል (እሳት ቢነሳ ከቤት የመውጣት ልምምድ) መዝገቡ ለወራት ባዶ ነው። የሁለት ልጆች የአደጋ ጊዜ ፎርም ላይ ያለው ስልክ አይሠራም። የሳምንቱን የልጆች መግቢያና መውጫ ሰዓት ዓርብ ማታ በአንድ ቁጭታ ነበር የምትሞላው። በዚያ ቀን ወረቀቱ ቤቱ ውስጥ ማንም ልጅ የለም ይላል፤ ልጆቹ ግን ምንጣፉ ላይ እየተጫወቱ ነው። እሳት ቢነሳ የእሳት አደጋ ሠራተኛው ስንት ልጅ እንደሚፈልግ የሚያውቀው ከዚያ ወረቀት ነው።

ከእያንዳንዱ መስመር ጀርባ አንድ ሰው አለ

ሪፖርቱን ደጋግመን ስናነብ አንድ ነገር ወጣ። ይህች ሴት ሕጉን ታውቃለች። ሥልጠናውን ወስዳለች። የሕፃናት አስተኛኘት ትምህርት ሰርተፍኬቷ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የሲፒአር (ትንፋሽና ልብ ሲቆም የሚሰጥ የነፍስ አድን እርዳታ) ሰርተፍኬቷም ጊዜው አላለፈበትም። ታዲያ እያወቀች ለምን?

"ጋቢውን ማን አመጣው?" አልኳት።

"የልጁ አያት ከአገር ቤት የላኩት ነው። እናትየው በስስት ነው ያለበሰችው። እንዴት አንሺው ልበላት?"

የመኪናው ወንበር የእናትየው ልመና ነው። የአንዱ ልጅ ፋይል ያልተሟላው "የዶክተር ቀጠሮ ሲደርስልን" እያለ ወራት ባስቆጠረ አባት ነው። ኢንስፔክተሯ ያላየችው ሌላም ነበር። አንዳንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ "ለአንድ ሰዓት ብቻ" እየመጣ ዘጠነኛ ይሆናል። የእማማ ጉዳይ ደግሞ የራሷ እናት ናቸው። በየጉድለቱ ጀርባ እምቢ ልትለው ያልቻለችው ሰው ቆሟል።

በእኛ ማኅበረሰብ የቤት ዴይኬሮች ላይ ያየሁት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ይሉኝታ እንጂ አለማወቅ አይደለም የሚጥለን። ወላጁ የአገር ልጅ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን አብረን እንገናኛለን፣ ለልቅሶም ለሠርግም እንፈላለጋለን። እንዲህ ያለውን ሰው ፎርም አምጣ ብሎ መመለስ ነውር ይመስላል። ስለዚህ የዝግጅቱ ሥራ ከመጥረጊያ ሳይሆን ከዚህ መጀመር ነበረበት።

ከእማማ ጋር

ከባዱን አስቀደምን። እማማ አሻራ የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። "ሰባት ልጅ አሳድጌ ለወግ ለማዕረግ ያበቃሁ ሴት፣ እንደ ሌባ አሻራ ልስጥ?"

ልጃቸው አጠገባቸው ቁጭ አለች። "እማዬ፣ እኔም ሰጥቻለሁ። ባሌም ሰጥቷል። አንቺን እኔ አውቅሻለሁ። ልጃቸውን ጥለውልን የሚሄዱት ሰዎች ግን በምን ይወቁሽ?"

እማማ ዝም አሉ። በማግስቱ ግን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እንሂድ ብለው ጠበቋት። ማሽኑ አሻራቸውን ቶሎ አላነበበውም። የዕድሜ ልክ ሥራ የጣታቸውን መስመር አለስልሶታል። ሠራተኛዋ ጣታቸውን በእርጥብ ጨርቅ እያሸች፣ እየደጋገመች አነሳችው።

ውጤቱ እስኪመጣ እማማ ከልጆቹ ጋር ብቻቸውን እንዳይሆኑ ተስማማን። ከመጣም በኋላ ተተኪ ይሁኑ አላልንም። ተተኪ የምትሆን ሰው አደጋ ሲደርስ ወደ 911 (የአደጋ ጊዜ ስልክ) ደውላ የቤቱን አድራሻ፣ የልጁን ዕድሜና የሆነውን መናገር መቻል አለባት። ለዚህ አንዲት ጎረቤት ተገኘች፤ ሰነዶቿን አስገብታ ጸደቀች። ማዘልን በተመለከተ ሪፖርቱ ምንም አላለም። ነገር ግን የታዘለ ሕፃን ጀርባ ላይ ይተኛል፤ የተኛ ሕፃን ደግሞ ቦታው አልጋው ነው። እማማ ይህን ለመቀበል ጊዜ ወሰደባቸው።

በጉልበት ተንበርክኮ

አንድ ማታ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ቤቱን ሁሉ በጉልበታችን እየዳህን ዞርን። ይህን ለማንኛዋም ባለ ዴይኬር እመክራለሁ። ከሁለት ዓመት ልጅ ቁመት ላይ ሆኖ ሲታይ ያ የጸዳ ቤት ሌላ ቤት ነው።

የመስኮቱ መጋረጃ ገመድ እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል፤ አንገት ይገባበታል። ከሶፋው ሥር ከሪሞት የወደቀ ክብ ባትሪ አገኘን። ያ ባትሪ ከተዋጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ያቃጥላል። ከጎኑ ቆሎ ተበትኗል፤ የእሑድ ቡና ቆሎ። ቆሎና ፈንዲሻ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ የማነቂያ ምግብ ነው። የእኛ ቡና ደግሞ ያለ እነሱ አይሆንም። ቴሌቪዥኑ ከግድግዳው ጋር አልታሰረም። እማማ ክፍል ገብተን ትራሱ አጠገብ የደም ግፊት ክኒናቸውን በፌስታል ተቋጥሮ አገኘነው። አንዳንዱ የግፊት ክኒን አንድ ፍሬው ብቻ ትንሽ ልጅን ለሕይወት አደጋ ይዳርጋል። ፌስታሉ ደግሞ ራሱ ማፈኛ ነው።

ከሰሉን በተመለከተ ብዙ ተነጋገርን። እማማ ጠዋት ጠዋት ሳሎን ውስጥ በከሰል ቡና ያፈሉ ነበር። የከሰል ጭስ የማይታይና የማይሸት ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ አለው። በክረምት መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ትንንሽ ሳንባዎች እዚያው ይተነፍሱታል። ከልጆቹ አንዱ ደግሞ አስም አለበት፤ ዕጣኑ ራሱ ይቀሰቅስበታል። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ እንዲሆን ተስማማን። ቤት ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ቆመ። እማማ "ጣዕሙ አንድ አይደለም" አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ግን ተዉት።

ማስተካከያው ብዙ ወጪ አልጠየቀም። ለቁምሳጥኖቹ የልጅ መቆለፊያ፣ ለመድኃኒት ቁልፍ ያለው ሣጥን፣ ለቴሌቪዥኑና ለመደርደሪያው ማሰሪያ ቀበቶ ገዛች፤ መጋረጃዎቹንም ገመድ በሌላቸው ቀየረች። ወጪ የበዛው አልጋው ላይ ነው። አዲስ ገዛች፤ አሮጌውንም ለሌላ ሰው ከመስጠት ሰባብራ ጣለችው። በዚህ በጣም አከበርኳት።

ከወላጆች ጋር

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ፎልደር ተከፈተ። የአደጋ ጊዜ ፎርሙ 1214፣ የጤና ፎርሙ 1215፣ የክትባት ወረቀቱና ውሉ በዚያው ተቀመጡ። መድኃኒት የሚሰጠው ልጅ ፎርም 1216 ይጨመርለታል። የሚያበቃባቸው ቀኖች ፍሪጁ ላይ ባለው ካላንደር ተጻፉ። በሩ አጠገብ ክሊፕቦርድ ተሰቀለ፤ እስክሪብቶው በክር ታስሯል። ወላጁ ራሱ ሲያስገባም ሲያስወጣም ሰዓቱን ይጽፋል፣ ይፈርማል። የዓርብ ማታው አሞላል በዚያው ቀረ።

ውሉን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተከራክረናል። እሷ ለወላጆች ልትል የፈለገችው "እኔ አይደለሁም፣ ሕጉ ነው፤ ላይሰንሴን ይወስዱብኛል" ነው። ቀላል ነው፣ ማንንም አያስቀይምም። እኔ ግን አልወደድኩትም። ሰው "ሕጉ ነው" ሲባል "ታዲያ ማን ያያል?" ይላል፤ ክርክሩም ገና መጀመሩ ነው። ምክንያቱን ስትነግሪው ግን የሚከራከር ወላጅ የለም። "ጋቢው ፊቱ ላይ ቢወጣ መግፋት አይችልም፤ እኔም ዳይፐር እየቀየርኩ ላላይ እችላለሁ" ስትላት የትኛዋ እናት ነው አይ የምትል?

እንደዚያው ሆነ። የጋቢዋ እናት መጀመሪያ ከፋት። በማግስቱ ግን የሚለበስ የሕፃን መኝታ ከረጢት ገዝታ መጣች። ጋቢውም አልተመለሰም። ልጁ ነቅቶ በሆዱ ሲጫወት ወለሉ ላይ ይነጠፍለታል። በመኪና ወንበሩ ተኝቶ የሚመጣው ልጅ በሩ ላይ፣ እናቱ እያየች ወደ አልጋው ይዛወራል። አንዳንዴ ይነቃል፣ ያለቅሳል፣ እናትየው ትዘገያለች። ያኔም ቢሆን ይዛወራል።

የጎረቤት ልጅ ጉዳይ አንድ ወዳጅነት አቀዝቅዟል። እስካሁንም አልሞቀም። ይህንን አለመጻፍ ውሸት ይሆናል።

ፋየር ድሪል

ሜሪላንድ በየወሩ ፋየር ድሪል ማድረግና መመዝገብ ትጠይቃለች። ለእሷ ይህ ቀኑን ጽፎ መፈረም ነበር። በእውነት ሲሠራ ግን ቤቱ ያልተዘጋጀበት ሁሉ ወጣ። ትልልቆቹ ጫማ ፍለጋ ገቡ። አንዷ ድምፁን ፈርታ ጠረጴዛ ሥር ተደበቀች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለት ሕፃን አለ፤ የምትይዛቸው አዋቂ አንድ ናት። ሁለቱን በሁለት እጇ ከያዘች በሩን በምን ትከፍታለች? የሚሄዱትን ልጆች እጅስ በምን ትይዛለች?

ይህ ጥያቄ ለቀናት አከራከረን። መልሱ ጎማ ያለው አልጋ ሆነ። ሁለቱም ሕፃናት አንዱ አልጋ ውስጥ ይገቡና በበሩ ይገፋል። አልጋው በበሩ እንደሚያልፍ አስቀድማ ለካች። የሕፃናቱንም ክፍል ከበሩ ቅርብ ወዳለው፣ ደረጃ ወደሌለበት ክፍል አዛወረችው። ቤዝመንቱ ለመጫወቻ ብቻ ቀረ፤ እሱም በቀጥታ ወደ ጓሮ የሚያወጣ በር ስላለው ነው። ለሚሄዱት ልጆች ቋጠሮ ያለው ገመድ ተዘጋጀ፤ እያንዳንዱ የራሱን ቋጠሮ ይይዛል። መሰብሰቢያው የፖስታ ሣጥኑ አጠገብ ነው። ጫማ አይፈለግም፤ ከበሩ ጎን ብርድ ልብስና የስልክ ዝርዝር ያለበት ቦርሳ ተሰቅሏል። ጠረጴዛ ሥር ለምትደበቀዋ ልጅ አንድ ሥራ ሰጠቻት፦ "ውጡ! ውጡ!" ብላ የምትጮኸው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ተደብቃ አታውቅም።

ሁለተኛው ኢንስፔክሽን

በቀጣዩ ዓመት ኢንስፔክተር መጣች፤ አሁንም ሳትደውል። ሰዓቱ የምሳ ነው። አንዱ ልጅ ወተት ደፍቷል፣ ወጥ ቤቱ ተዝረክርኳል። በፊት ቢሆን መጀመሪያ መወልወያ ነበር የምታነሳው። አሁን ግን ልጆቹን ሳትተው ክሊፕቦርዱን አቀበለቻት። ኢንስፔክተሯ ልጆቹን ቆጠረች፣ ከወረቀቱ ጋር አመሳከረች። ሁለቱን አልጋዎች አየች። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁምሳጥን ሳበች፤ አልተከፈተም። ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ገለጠች። እማማን አየች፣ ስማቸውን ከመዝገቧ ላይ አገኘችው። ስለተደፋው ወተት ምንም አልጻፈችም።

አንድ ጉድለት ተገኘ። የመታጠቢያ ቤቱ ሙቅ ውኃ በቴርሞሜትር ሲለካ ከተፈቀደው 120 ዲግሪ ፋራናይት አለፈ። ያ 49 ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ የልጅ ቆዳ በፍጥነት ይቃጠላል። ባሏ ብርዱ ሲጠና ማሞቂያውን ከፍ አድርጎት ኖሯል። በዚያው ቀን ዝቅ አደረገው፤ ጉድለቱም መታረሙ ተመዘገበ።

እህታችን "አንድ እንኳን ባይገኝ" ብላ ተቆጭታለች። እኔ አልተቆጨሁም። የውኃው ጉዳይ የተገኘው ልጅ ሳይቃጠል ነው፤ ኢንስፔክሽን የተሠራውም ለዚህ ነው። ድረ ገጹ ላይ አይታ የጠየቀቻት እናት ነበረች። ምን እንደተገኘ፣ መቼ እንደታረመ ነገረቻት፤ ልጁም እስካሁን እዚያው ነው። የውኃ ልክ አሁን ዓርብ ዓርብ ከምታያቸው ነገሮች አንዱ ሆኗል።

አሁን የያዘችው ሥራ ሁለተኛ አዋቂ ማስመዝገብ ነው፤ ከሁለት በላይ ሕፃናት መቀበል እንድትችል። ተተኪ የሆነችላት ጎረቤት የቀሩትን ሥልጠናዎች እየወሰደች ነው። ይህ እስኪያልቅ "አንድ ልጅ ብቻ ጨምሪልኝ" ብለው ለሚደውሉላት እናቶች ቦታ የለም ትላቸዋለች፤ ስማቸውንና የልጁን ወር ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ትጽፋለች።